«ለአንተ እውነት፣ ለእኔ ግን አይደለም»፦ የሌስሊ ኒውቢገን መጽሐፍ ሲመዘን

«ለአንተ እውነት ከሆነ ጥሩ ነው፤ ለእኔ ግን አይደለም።» ይህን መልስ ከክፍል ጓደኛችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ጓደኛችሁ አልተቆጣም፤ አልተከራከረም። ወንጌሉን እንደ ምግብ ምርጫ ቆጥሮ አለፈው። እንዲህ ላለ ሰው ክርስቶስን እንዴት እንመሰክራለን?

ይህን ጥያቄ በጥልቀት ከመረመሩት መጻሕፍት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመው የሌስሊ ኒውቢገን መጽሐፍ ነው። ርእሱን «ወንጌል በብዝኃ አመለካከት ኅብረተሰብ ውስጥ» ልንለው እንችላለን። ኒውቢገን በ1936 ከብሪታንያ ወደ ሕንድ የሄዱ ሚስዮናዊ ናቸው፤ በ1947 የደቡብ ሕንድ ቤተ ክርስቲያን ስትመሠረትም ከመጀመሪያዎቹ ጳጳሳት አንዱ ሆኑ። በ1974 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን ሚስዮናውያን ስትልክ የኖረችው አገር ራስዋ የሚስዮን መስክ ሆና አገኟት። ከሕንድ ወደ እንግሊዝ ሲመጡ በጣም የከበዳቸው የተስፋ መጥፋት እንደ ነበረ ጽፈዋል።

የመጽሐፉ ዋና ሙግት ይህ ነው። የምዕራቡ ዓለም ዕውቀትን ለሁለት ከፍሏል። ሳይንስ የሚያረጋግጠው «ሐቅ» ተብሎ በአደባባይ ይነገራል፤ እምነት ግን «የግል ምርጫ» ተብሎ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ኒውቢገን ይህን ግድግዳ የሚያፈርሱት ከኬሚስትነት ወደ ፍልስፍና የተሻገረውን ማይክል ፖላኒን ተከትለው ነው። ሳይንቲስቱም ቢሆን ዓለም ሥርዓት እንዳላት፣ አእምሮም ያንን ሥርዓት ሊረዳ እንደሚችል አምኖ ይጀምራል። ስለዚህ አማኝ ስለሆናችሁ ብቻ ከዕውቀት ማዕድ የምትባረሩበት ምክንያት የለም። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ጠንቃቆች እንሁን። ሁሉም በእምነት የሚጀምር ከሆነ፣ የእኛ እምነት ከሌላው በምን ይለያል? የኒውቢገን መልስ፣ እውነት ነው ብለን የያዝነውን ለሁሉም እውነት እንደ ሆነ አድርገን በአደባባይ እንናገር፤ ለመመርመርም ራሳችንን እንስጥ የሚል ነው። መልካም ነው፤ ሆኖም በእኔ ግምት ብቻውን አይበቃም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 የትንሣኤውን ምስክሮች ይዘረዝራል፤ ብዙዎቹም ገና በሕይወት እንዳሉ ይናገራል። ሂዱና ጠይቁ እንደ ማለት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ማስረጃ መጽሐፉ የሰጠው ቦታ ጠባብ ነው።

መጽሐፉ ከሁሉ በላይ የሚበረታው በ18ኛው ምዕራፍ ነው። ወንጌልን ለዘመኑ ሰው የሚተረጉምለት ወንጌልን አምኖ የሚኖር ጉባኤ ነው ይላሉ። የዚህን ጉባኤ ስድስት መልኮችም ያስቀምጣሉ፦ ያመሰግናል፤ በእውነት ይቆማል፤ ለራሱ አይኖርም፤ በዓለም መካከል የክህነት አገልግሎቱን ይፈጽማል፤ አባላቱ እርስ በርስ ይሸካከማሉ፤ ተስፋ አለው። ይህን የጻፉት እንዲያው ከወንበር ላይ ሆነው አይደለም። በጡረታ ዘመናቸው በበርሚንግሃም ከተማ ከእስር ቤት ፊት ለፊት የምትገኝ አንዲት ትንሽ ጉባኤ አገልግለዋል።

እዚህም አንድ ጉድለት አለ። መጽሐፉ በብዛት የሚያናግረው ስለ እውነት የሚከራከረውን ሰው ነው። ጥያቄውን ጨርሶ ለማይጠይቀው፣ ዓይኑን ከስልኩ ለማያነሣው ሰው የሚለው ጥቂት ነው። ሆኖም መንገዱን የሚያሳየን ያው 18ኛው ምዕራፍ ይመስለኛል። ለክርክር ጆሮ የሌለው ሰው ሲታመም የጠየቀውን፣ ሲቸገር የደረሰለትን አይረሳም።

በለንደን ወይም በፍራንክፈርት በአማርኛ የምታመልኩ ወጣቶች ይህን ምዕራፍ ለራሳችሁ አንብቡት። ዝማሬያችሁ ከአዳራሹ ግድግዳ አልፎ ለጎረቤታችሁ ምን ይነግረዋል? አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ላላችሁትም ጥያቄው ያው ነው። መጽሐፉን በቡድን ካነበባችሁት ከ18ኛው ምዕራፍ ጀምሩ፤ ከስድስቱ መልኮች በእናንተ መካከል የጎደለውን ለዩ፤ ለእርሱም አንድ ላይ ጸልዩ፣ ሥራም ጀምሩ።