ካርዱ ካለቀ በኋላ

በአገራችን ሆስፒታሎች ስለ ሕክምና ውጤት የሚሠራው አብዛኛው ጥናት ከካርድ ክፍል ይጀምራል። አጥኚው የሦስት ወይም የአምስት ዓመት ካርድ ያስወጣና ታማሚው መቼ እንደተኛ፣ ምን እንደታዘዘለት፣ በምን ሁኔታ እንደወጣ አንድ በአንድ ይለቅማል። ከዚያ ሠንጠረዥ ይሠራል፤ ይህን ያህሉ ድኖ ወጣ፣ ይህን ያህሉ ሞተ፣ ይህን ያህሉ ሪፈር ተባለ፣ ይህን ያህሉ ጠፋ። እኔ ሐኪም ሆኜ ምሥራቅ ጎጃም፣ መርጡለ ማርያም ተቀምጬ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ስሠራም ሆነ የሌላ ሰው ሥራ ሳነብ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው በመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ሕክምናው ሠርቷል ወይስ አልሠራም ለሚለው ጥያቄ ዋናው መልስ ያለው ከጠፉት ዘንድ ነው ብዬ አምናለሁ። የዚህ ሥራ ጥበብም እነሱን ፍለጋ ላይ ነው።

በስሌቱ ቋንቋ የጠፋ ሰው «ሴንሰርድ» ይባላል። እስከታየበት ቀን ድረስ ይቆጠራል፣ ከዚያ ወዲያ ከስሌቱ ይወጣል። ይህ የሚሠራው የጠፋው ሰው ዕጣ ከቀሩት ሰዎች ዕጣ ጋር ይመሳሰላል ተብሎ ሲታመን ነው። የጎጃምን ደጋ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማመን ይከብዳል። ሰኔ ሲገባ ትንሽ የተሻለው ገበሬ አልጋውን ለቆ ይሄዳል፤ ዝናቡ አይጠብቀውማ። ተስፋ የተቆረጠበትን ታማሚ ደግሞ ቤተሰቡ ተሸክሞት ይወጣል፤ በቤቱ፣ በዘመዶቹ መካከል፣ የንስሐ አባቱ አጠገቡ ሆነው ይረፍ ይላሉ። አስከሬን ከሩቅ ከተማ ለማምጣት የሚጠየቀውን ገንዘብም ያስባሉ። ሌላው ወደ ጠበል ይሄዳል። ካርዱ ላይ ግን ለሦስቱም የሚጻፈው አንድ ነው፤ «በራሱ ፈቃድ ወጣ» ወይም «ጠፋ»። የተሻለው፣ የሞተውና በሌላ ቦታ ፈውስ የሚፈልገው በአንድ መስመር ተጠቃለሉ ማለት ነው።

በከፍተኛ የምግብ እጥረት ተጎድተው ለሚተኙ ሕፃናት ብዙዎች የሚጠቀሙበት፣ ስፊር የተባለ ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ እርዳታ መለኪያ አለ። ከ75 በመቶ በላይ እንዲድኑ፣ የሚሞቱት ከ10 በመቶ እንዳይደርሱ፣ የሚያቋርጡት ከ15 በመቶ እንዳይደርሱ ይጠይቃል። አሁን 77 በመቶ ድነው፣ 9 በመቶ ሞተው፣ 14 በመቶ ያቋረጡበትን ዋርድ እናስብ። ዋርዱ መለኪያውን አልፏል። ካቋረጡት ሕፃናት ሲሶው ቤታቸው ሞተው ከሆነ ግን እውነተኛው የሞት መጠን ከ13 በመቶ በላይ ነው። ለዚህ ነው የሞት ቁጥሩ ዝቅ ያለ ዋርድ ሳይ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ሳላይ ደስ የማይለኝ።

ካርዱ ውስጥ ያለውም ቢሆን በጥንቃቄ ካልተነበበ ያሳስታል። ነሐሴ 28 የገባና መስከረም 3 የወጣ ታማሚ አሥር ቀን ተኝቷል፤ ጳጉሜን የዘነጋ አጥኚ ግን አምስት ቀን ያደርገዋል። ሰዓቱ ከዚህ ይብሳል። የመድኃኒት መስጫ ወረቀቱ ላይ «2 ሰዓት» ሲል አንዱ ነርስ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፎ ይሆናል። በስድስት ሰዓት የሚለያዩ ሁለት ሰዓቶች ናቸው። ሴፕሲስ የያዘው ታማሚ አንቲባዮቲክ ያገኘው በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ነው ወይ ብሎ ለሚያጠና ሰው ይህ ልዩነት ጥናቱን ያፈርሰዋል። ዕድሜም 40፣ 45፣ 50፣ 60 ላይ ይከማቻል። የካርድ ቁጥሩን የረሳ ታማሚ አዲስ ካርድ ይወጣለታል፤ አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል፣ የመጀመሪያው ሰው ደግሞ «ጠፋ» ይባላል። ስለዚህ ከመቁጠሬ በፊት ካርዱን ከዋርዱ መዝገብና ከመድኃኒት ቤቱ ወረቀት ጋር አመሳክራለሁ። አሰልቺ ነው፤ ከዚህ የሚቀድም ሥራ ግን አላውቅም።

ከዚህ ሁሉ በፊት መወሰን ያለበት ደግሞ አለ። ድኗል የሚባለው መቼ ነው? የካላዛር ሕክምና ጥናቶች ይህን በደንብ አስተምረውኛል። ከደጋው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ከሚወርዱት ወጣቶች መካከል በሽታውን ይዘው የሚመለሱ አሉ። ድሮ የሚታከሙት ለ30 ቀን በየቀኑ በሚወጋ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ነበር። ጎንደርንና አርባ ምንጭን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ በተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ሙከራ፣ መርፌው ከፓሮሞማይሲን ጋር ተጣምሮ ለ17 ቀን ሲሰጥ ውጤቱ ከ30 ቀኑ ጋር ተቀራራቢ ሆነ፤ 91.4 በመቶ ለጥምሩ፣ 93.9 በመቶ ለነጠላው። እነዚህ ቁጥሮች የተለኩት ሕክምናው ካለቀ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ካላዛር ያገረሻል፤ ጣፊያው ተመልሶ፣ ትኩሳቱ ጠፍቶ ዋርዱን የለቀቀ ልጅ ከወራት በኋላ እንደገና ሊወድቅ ይችላል። ሙከራው ታማሚዎቹን እስከ ስድስተኛው ወር ባይከተል ኖሮ የወጡበትን ቀን እንደ መዳኛ ቀን ይቆጥር ነበር።

ካርድ ላይ የተመሠረተ ጥናት ደካማ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ለማሳየት ሌላ ላንሳ። በ2000 እ.ኤ.አ. ረሃብ ጊዜ ስቲቭ ኮሊንስና ኬት ሳድለር በኢትዮጵያ ቤታቸው ሆነው የታከሙ 170 በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን መዝገብ ወደ ኋላ ሄደው መረመሩ። 144ቱ ድነዋል፣ 7 ሞተዋል፣ 11 ወደ ሌላ ተቋም ተዛውረዋል፣ ያቋረጡት 8 ብቻ ናቸው። ጥናቱ በ2002 ላንሴት ላይ ወጣ። በ2007 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከሌሎች ጋር ሆነው በማኅበረሰብ ውስጥ የሚሰጠውን ሕክምና ሲደግፉ ከማስረጃዎቹ አንዱ እንዲህ ያለ ሥራ ነበር። ከ170 ሕፃናት የስምንቱ ብቻ መጨረሻ አለመታወቁ ለመዝገቡ ጉልበት ሰጠው። እናት ልጇን ይዛ ሳምንታት ዋርድ ውስጥ ስትቀመጥ ቤት የቀሩት ልጆች ይጠሯታል፤ ሕክምናው ቤቷ ድረስ ሲሄድላት ግን የምትጠፋበት ምክንያት ይቀንሳል።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ጥናት የተሠራው እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ነው። ፖዶኮኒዮሲስ፣ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት፣ በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው የሚይዘው በሽታ ነው። ትልም፣ ጀርምም የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሆኖም ሰዎች ስለሚፈሩት ታማሚው ከማኅበርና ከጋብቻ ይገለላል። እግሩ አልፎ አልፎ ይነሳበታል፤ ይግላል፣ ይጠዘጥዛል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ለቀናት ከመኝታ አይነሳም። እግር መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ይረዳሉ ተብሎ ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። በትልቅ ሙከራ የተፈተነው ግን ጎልቤት በተባለው ጥናት ነው።

ጥናቱ 696 ሰዎችን ይዞ በዕጣ ለሁለት ከፈላቸው። ግማሾቹ እንክብካቤውን ወዲያው ጀመሩ፤ ሌሎቹ አንድ ዓመት ጠብቀው እንዲያገኙ ተደረገ። ዕጣ መጣል ለገበሬው አዲስ አይደለም፤ እቁብ የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ተራው ያልደረሰው ሰው ብሩን እንደማያጣ ሁሉ እዚህም ሁሉም በየተራው ሕክምናውን ያገኛል። ያስደነቀኝ የመረጡት መለኪያ ነው። ሐኪም ቢሆን የእግሩን ዙሪያ በሜትር ለክቶ በሴንቲሜትር መጻፍ ይቀለዋል። እነሱ ግን ዋና መለኪያ ያደረጉት እግሩ ስንት ጊዜ ተነሳበት የሚለውን ነው፤ መዝገቡንም በየቀኑ የሚያዘው ታማሚው ራሱ በማስታወሻ ደብተሩ ነው። ገበሬው ቤቱ ሆኖ የሚቆጥረውን ነገር ጥናቱም ቆጠረው።

ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. በላንሴት ግሎባል ሄልዝ ታተመ። እንክብካቤውን ያገኘው ሰው በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ፣ ያላገኘው 23.9 ጊዜ ተነሳበት። ቅናሹ 19 በመቶ ግድም ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ሲያዩ «ይኼ ብቻ?» ይላሉ። እኔ ግን ሁለት ነገር አይበታለሁ። በዓመት አራት ተኩል ጊዜ ያነሰ ሕመም ማለት በእርሻና በአጨዳ ወራት የተረፉ ብዙ የሥራ ቀናት ማለት ነው፤ ያውም በውኃ፣ በሳሙና፣ በቅባትና በጫማ። ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል። ሕክምናውን ያገኘውም ሰው በወር ከአንድ ጊዜ በላይ ይነሳበታል። ደብተሩ ሳይኖር እኛ ሐኪሞች ይህን አናውቅም ነበር፤ እግሩ የተነሳበት ሰው ተኝቶ ይሰነብታል እንጂ ሆስፒታል አይመጣማ። ደብተር የሌለበት ጥናት የሚያየው ወደ ሆስፒታል መሄድ የቻለውን ብቻ ነው።

ከዚህ የወሰድኩትን ትምህርት በዋርዴም እሞክራለሁ። በቀጠሮ የመጡትን አዛውንት «አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ብላቸው መልሳቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ» ነው። ልብ ድካም ይዟቸው ትራስ ደራርበው ቁጭ ብለው ቢያድሩም መልሱ ያው ነው፤ ማማረር ነውር ነውና። በመጠይቁ ላይ «ተሽሏቸዋል» ብዬ ብሞላ ጥናቴ ያየው ጨዋነታቸውን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ ኑሮአቸው አወርደዋለሁ። ሞፈር ይይዛሉ ወይስ ለልጅዎ ሰጡት? ቅዳሴ ቆመው ያስቀድሳሉ? ከገበያ ሲመለሱ አቀበቱን ስንት ጊዜ አርፈው ነው የሚወጡት? እናቶችን ደግሞ እንስራ ስለ መሸከምና ምጣድ ፊት ስለ መቆየት እጠይቃለሁ። «እንኳን ሞፈር፣ ከዘራዬንም ልጄ ነው የሚይዝልኝ» ካሉኝ በኋላ ነው የምጽፈው።

ያልመጣውን ሰው መፈለግ ሌላ ጥበብ ይጠይቃል። ካርዱ ላይ ያለው ስልክ ብዙ ጊዜ የጎረቤት ወይም ከተማ የሚማር ልጅ ነው። ደውሎ «ታማሚው በሕይወት አሉ?» ማለት አይቻልም። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሩቅ ያለው ልጅ አባቱ ማረፉን ገና አልሰማ ይሆናል፣ የሐኪም ቤት ጥሪ ደግሞ ያስደነግጣል። መረጃ ሰብሳቢ ወጣቶችን ሳሠለጥን ብዙ ሰዓት የምሰጠው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ማን እንዳነሳ ማወቅ፣ ሰላምታውን አለማሳጠር፣ ድምፅ ሲከብድ መጠይቁን መዝጋት፣ ከቻሉም በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በኩል መጠየቅ። ያረፈ ሰው ከሆነ «ነፍስ ይማር» ሳይባል ወደሚቀጥለው ጥያቄ አይታለፍም።

እንዲህ ያለ ፍለጋ በሁሉም አገር አያስፈልግም። እንግሊዝ አገር በ2020 እ.ኤ.አ. ሪከቨሪ የተባለው ሙከራ ዴክሳሜታዞን በጽኑ የታመሙ የኮቪድ ታማሚዎችን ሞት እንደሚቀንስ ሲያሳይ፣ ማን በ28 ቀን ውስጥ እንደሞተ ከአገሪቱ የጤና መዛግብት ጭምር ማወቅ ይችል ነበር። እኛ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 አለን፤ የገጠሩ ሞት ግን ገና ወደ መዝገቡ በሙሉ አልገባም። ያም ሆኖ በአገራችን ሞት ሳይታወቅ አያልፍም። ዕድሩ ያውቃል፣ ደብሩ ያውቃል፣ ተዝካር ይወጣል። በአዲስ አበባ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመራማሪዎች ይህን ተጠቅመው በየመካነ መቃብሩ የሚቀበሩትን መመዝገብ ጀመሩ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ2005 በኋላ በኤድስ የሚሞቱ ጎልማሶች ቁጥር በእጅጉ መውረዱን ያሳዩት በዚህ መንገድ ነው። ከክሊኒክ የጠፋውም ሰው መቃብሩ ዘንድ ይቆጠራል። የሆስፒታል ካርድና የዕድር መዝገብ በታማሚው ፈቃድ የሚገናኙበት ጥናት በጎጃም ቢሠራ ስንቱን ጥያቄ በመለሰልን!

አሁን በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ኔትወርክ ሲጠፋ ከመርጡለ ማርያም በግንደ ወይን በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሪፈር የተባለ ታማሚ መድረሱን ማወቅ እንኳ ቀናት ይወስዳል። የጠፉት መስመር እየረዘመ ነው። በዚህ ዘመን የተሰበሰበ ካርድ ነገ ለጥናት ሲወጣ አጥኚው ታማሚዎቹ የቀሩት ድነው ነው፣ ሞተው ነው ወይስ መንገድ ተዘግቶባቸው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እስከዚያ ድረስ ታማሚ ስናስወጣ በካርዱ ጀርባ የምናሰፍራቸው ጥቂት መስመሮች አሉ፦ ቀበሌና ጎጥ፣ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን፣ የዕድሩ ስም፣ ስልኩ የማን እንደሆነ፣ ከዚህ ወጥተው ወዴት እንደሚሄዱ። የሚሄዱት ወደ ጠበል ከሆነ «ጠበል» ብለን እንጽፋለን፤ መድኃኒቱን ይዘው እንዲሄዱም እንነግራቸዋለን።