777 ሲደረግ ይሠራል

በቅርቡ አብሮን ሥራ የጀመረ ልጅ፣ «ጋሼ፣ 777 ሳደርገው እኮ ሠራ፤ ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዲስ ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ የደንበኛውን ዌብሳይት በራሱ ሆም ፎልደር ውስጥ አስቀምጦ፣ አፓቼ 403 እያለ ሲያስለፋው ዋለ። በመጨረሻ ከሆም ጀምሮ እስከ ታች ያለውን በሙሉ 777 አድርጎ ለሁሉም ከፈተው። ሳይቱም መጣለት።

እኔ 777 ሰርቨር ላይ ቦታ የለውም ባይ ነኝ፤ ለሙከራም፣ ለአንድ ሌሊትም። አንድ ባልደረባዬ «መጀመሪያ ክፈተው፣ ይሥራ፣ ከዚያ ትዘጋዋለህ» ይላል፤ በዚህ ስንከራከር ዓመታት አለፉ። ተመልሶ የዘጋ ሰው ግን አላየሁም። ደንበኛው «ሠራልኝ» ካለ በኋላ ማን ደፍሮ ይነካዋል? ልንካው ቢልስ፣ የትኛው ፎልደር ቀድሞ ስንት እንደነበር በምን ያውቃል?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ትክክለኛውን መልስ መቅበሩ ነው። አፓቼ እኮ የኤረር ሎጉ ላይ ተናግሯል፤ ኤኤች00035 ብሎ፣ በመንገዱ ላይ ካሉት ፎልደሮች በአንዱ የማለፍ ፈቃድ እንደሌለው ጽፏል። ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ አዲስ ሆም ፎልደር የሚፈጥረው በ750 ነው፤ ድሮ 755 ነበር። አፓቼ የሚሠራበት ዩዘር የተመለሰው እዚያ ላይ ነው። ታች ያሉት ፋይሎች ምንም አልበደሉም። ፎልደር ላይ አር የስም ዝርዝር ማየት ነው፣ ኤክስ ደግሞ ማለፍ፤ የውጭው አጥር ተቆልፎ የጓዳ በር ቢከፈት ምን ይረባል? «ናሜአይ» የሚባለውን ኮማንድ ከ«ኤል» አማራጩ ጋር ብትሰጡት መንገዱን ከሥር እስከ ጫፍ፣ እያንዳንዱን ፎልደር ከነባለቤቱና ከነፈቃዱ በየመስመሩ ያወጣላችኋል። እኔ 403 ባየሁ ቁጥር ከሎጉ ቀጥሎ የምሄደው ወደ እሱ ነው።

በማግሥቱ ደግሞ ልጁ በኤስኤስኤች ቁልፉ ልግባ ቢል ሰርቨሩ እምቢ አለው። ማንም ሊጽፍበት የሚችል ሆም ውስጥ ያለን ቁልፍ ኤስኤስኤች አያምንም፤ ትክክልም ነው፣ ማንም የራሱን ቁልፍ ሊጨምርበት ይችላላ! ሳይቱን ከሆም አውጥተን ቫር ሥር ወዳለው የዌብ ፎልደር ወሰድነው፤ ፎልደሮቹ 750፣ ፋይሎቹ 640፣ ባለቤቱ እሱ፣ ግሩፑ የአፓቼ። ሆሙም ወደ 750 ተመለሰ።

ይህን ሥራ የተማርኩት ብዙ ደንበኛ በአንድ ማሽን ላይ በሚያድርበት የሆስቲንግ ድርጅት ነው። እዚያ አንዱ የዳታቤዝ ፓስወርዱን የያዘ ፋይል ለሁሉም ክፍት ካደረገ፣ ጎረቤቱ ማንበብ ይችላል። ኋላ ላይ ደግሞ ሥራ ፈላጊዎች የፓስፖርታቸውን ፎቶ የሚጭኑበት ሳይት እጄ ገባ። ፎቶዎቹ የተቀመጡት ከዌብ ሥር ነበር፤ የፎልደሩን አድራሻ የገመተ ሁሉ ዝርዝሩን ያያል። እነዚያን ፊቶች አንድ በአንድ ሳይ ደነገጥኩ፤ ከሌላ ከተማ፣ ከኢንተርኔት ካፌ የላኩ፣ እኔን የማያውቁኝ ሰዎች ናቸው። ፈቃድ ማስተካከል ለእኔ የኮምፒውተር ሥራ መሆኑ ያበቃው ያን ቀን ነው። ፎልደሩን ከዌብ ሥር አወጣሁት፤ አፓቼ የሚጽፍበት ብቸኛ ቦታም እሱ ሆነ። ፕሮግራመሩ ኮዱን እንደገና መጻፍ ስላለበት ክፉኛ ተቆጣ። ዛሬም ሰነድ የሚጫንበት ሳይት ሲመጣልኝ፣ ከዲዛይኑ በፊት የምጠይቀው ፋይሎቹ የት እንደሚቀመጡ ነው።