ከቁጥሩ በፊት ቀለሙን

ላብራቶሪያችን ልምምድ ላይ ያለ ልጅ «ጋሼ፣ የእኚህ እናት ኤልዲኤች በእጥፍ ጨምሯል፤ ካንሰሩ ተመለሰ ማለት ነው?» አለኝ። እናትየዋ የማህፀን በር ካንሰር ሕክምናቸውን ጨርሰው ክትትል ላይ ናቸው፤ ደማቸው ደጋ ላይ ተቀድቶ ጎንደር የደረሰው በመኪና ነው። «ሴረሙ ምን ይመስላል?» አልኩት። ቀላ ብሏል። «እንግዲያው መንገዱን ነው የለካኸው።» በድጋሚ ሲቀዳ ቁጥሩ እንደ ቀድሞው ሆነ።

ኤልዲኤች ሴል ውስጥ የሚገኝ ኢንዛይም ነው፤ ቀይ የደም ሴል የሚይዘው በፕላዝማ ካለው ከመቶ እጥፍ ይበልጣል። ሲሪንጁን በኃይል መሳብ፣ ቲዩቡን መናጥ፣ ሴንትሪፉጅ ሳያደርጉ ማሳደር፣ ሁሉም ሴሉን እያፈረሰ ቁጥሩን ያንረዋል። «በበረዶ ሣጥን እንላከው» ከሚሉት ጋር ደግሞ የቆየ ጠብ አለኝ። ከኢንዛይሙ አምስት ዓይነቶች አራተኛውና አምስተኛው ብርድ አይችሉም፤ ይረግፋሉ። የፈረሰው ሴል ቁጥሩን ሲጨምረው ብርዱ ደግሞ ሲቀንሰው፣ ደህና የሚመስል ውጤት ይወጣል። ከሁሉ የምፈራው እሱን ነው።

ወጣቶቹ «ኤልዲኤችን ተውና ኤስሲሲ አንቲጅን እንጠቀም» ይሉኛል። ከ1977 ጀምሮ የታወቀ ጥሩ የካንሰር ምልክት ነው፤ ግን እሱንም ቢሆን የቆዳና የምራቅ ንክኪ፣ የኩላሊት ድካምም ያሳስተዋል። ኤልዲኤች ርካሽ ነው። የካንሰር ሴል ኦክስጅን እያለም ስኳሩን ወደ ላክቴት ስለሚለውጥ ኢንዛይሙ ይበዛበታል። ወባና ጉበትም እንደሚያንሩት አውቃለሁ፤ ለቅድመ ምርመራም አይሆንም። ግን የአንዲትን ሴት ደም በአንድ ማሽን፣ በአንድ አቀዳድ ከወር ወር ብትከታተል አካሄዱ ይነግርሃል። አልካላይን ፎስፋቴዝ አብሮ ከወጣ፣ አጥንትና ጉበት ይታዩ ብለህ ለሐኪሙ ትጠቁማለህ።

ናሙናው ይደገም የምለው ግትርነት ዋጋ አለው፤ የሚከፍሉት ግን እናቶቹ ናቸው። በሽታው ራሱ እያደማ ደም ያሳነሳቸው ሴቶች «ኧረ ደሜን ጨረሳችሁት!» ሲሉ መልስ የለኝም። ድሮ ድጋሚ ናሙና በወረቀት ነበር የምጠይቀው። ዛሬ ራሴ ዎርድ ወርጄ፣ የመጀመሪያው ለምን እንደተበላሸ ነግሬያቸው፣ ይቅርታ ጠይቄ እቀዳለሁ። ስንት ዓመት ከማሽን ጋር ኖሬ ሙያዬን የወደድኩት እዚያ አልጋ አጠገብ ነው።

ስለዚህ ለአዲስ ልጅ መጀመሪያ የማስተምረው ደም መቅዳት ነው። ድግሪ ይዘው ማሽን ሊነዱ የመጡት ያኮርፋሉ። ያኩርፉ፤ ደም የሚፈሳትን ሴት ሁለተኛ ቲዩብ እስኪለምኑ ድረስ ማኩረፍ ይችላሉ።