ስለ አንድ ትምህርት ቤት የተጻፉ ሁለት መጻሕፍት

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለ፥ ብዙ ሰው ያየው ነገር በአንድ መጽሐፍ ተነግሮ አያልቅም። የፊተኛው ምስክር ያላየውን የኋለኛው ያያል፤ የኋለኛው የሳተውም በፊተኛው ይገኛል። በአሜሪካ፥ በአርካንሳስ ግዛት፥ በሊትል ሮክ ከተማ ስላለው ስለ ሴንትራል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተጻፉት ሁለት መጻሕፍት ለዚህ ማስረጃ ናቸው። አንደኛው ወይዘሮ ዴዚ ቤትስ በ1962 ዓመት ያሳተሙት «የሊትል ሮክ ረጅም ጥላ» ነው፤ ሁለተኛውም ወይዘሮ ሜልባ ፓቲሎ ቢልስ በ1994 ዓመት ያወጡት «ጦረኞች አያለቅሱም» ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1927 ዓመት ነው። ለሥራው 1,500,000 ዶላር ያህል ወጥቶበታል፤ ስለ ውበቱም በአገሩ ሁሉ ይመሰገን ነበር። ከዋናው በር በላይ አራት ሐውልቶች ቆመዋል፤ ስማቸውም ምኞት፥ ሰብእና፥ ዕድልና ዝግጅት ይባላል። ዳሩ ግን ከእነዚህ ሐውልቶች በታች አልፈው የሚገቡት ተማሪዎች የነጮች ልጆች ብቻ ነበሩ። በ1954 ዓመት የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆችን በዘር መለየታቸው ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ብሎ ፈረደ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ወደ ሴንትራል ሊገቡ በመጡ ጊዜ፥ አገረ ገዥው ኦርቫል ፎበስ የግዛቱን ወታደር አቁመው በሩን ዘጉባቸው፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም 101ኛውን የአየር ወለድ ክፍለ ጦር ልከው አስገቡአቸው። ሁለቱም መጻሕፍት የሚናገሩት ስለዚሁ ዓመት ነው።

ወይዘሮ ዴዚ ቤትስ ከባላቸው ጋር ጋዜጣ ያሳትሙ ነበር፤ በአርካንሳስም ለጥቁሮች መብት የሚከራከረው ማኅበር ሊቀ መንበር ነበሩ። ስለዚህ መጽሐፋቸው የጋዜጠኛና የጠበቃ መጽሐፍ ነው። አረፍተ ነገሩ አጭር፥ ክሱ ግልጽ፥ ቀኑና ሰዓቱ የተለየ ነው። ጉድለቱ ግን ከዚሁ ይመነጫል። ጸሐፊዋ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ስለ ነበሩ፥ በውስጡ የሆነውን የሚያውቁት ልጆቹ ወደ ቤታቸው መጥተው ሲነግሩአቸው ነው። አንባቢም በሩን በደንብ ያያል፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ግን ከሩቅ ይሰማል።

ነገር ግን ይህን መጽሐፍ ከሌሎች የትግል መጻሕፍት በላይ የሚያደርገው አንድ ስፍራ አለ። በ4 ሴፕቴምበር 1957 ልጆቹ በአንድነት ተሰብስበው ከሰባክያን ጋር እንዲሄዱ ወይዘሮ ቤትስ በዋዜማው ሌሊት ለቤተ ሰቦቻቸው በስልክ አስታወቁ። የዐሥራ አምስት ዓመቷ የኤልሳቤጥ ኤክፎርድ ቤት ግን ስልክ አልነበረውም። ጧት እነግራታለሁ ብለው አሰቡ፤ ድካም በረታባቸውና ረሱ። ልጅቱም ብቻዋን ሄደች። የረሱአት መሆናቸውም ትዝ ያላቸው፥ አንዲት ጥቁር ልጅ በሕዝብ መካከል ተከባ መገኘቷን በመኪናቸው ውስጥ በራዲዮ ሲሰሙ ነው። ይህን በጻፉ ጊዜ ስልክ በሌለው ቤት ማመካኘት በቻሉ፤ ወይም ነገሩን በዝምታ ማለፍ በቻሉ ነበር። እሳቸው ግን ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አደረጉ።

ከዚያ ቀጥሎ የሚገባ ሌላ ሥራ ሠሩ፤ ይኸውም ብዕሩን ለኤልሳቤጥ መልቀቅ ነው። ልጅቱ በራስዋ ቃል ትናገራለች። ለዚያ ቀን ልብስዋን ራስዋ ሰፍታ ነበር፤ እናትዋም ከቤት ሳትወጣ ቤተ ሰቡን ሰብስበው ጸሎት አደረሱ። ወታደሮቹን ባየች ጊዜ ሊጠብቁአት የቆሙ መስሎአት ነበር፤ እነርሱ ግን ጠመንጃቸውን አንሥተው ከለከሉአት። ከሕዝቡም መካከል ፊትዋ የደግ ሰው የመሰላትን አንዲት አሮጊት አይታ ተስፋ አደረገች፤ አሮጊቲቱ ግን ተፋችባት። በመጽሐፉ ውስጥ ካለው ክርክር ሁሉ ይህ አንድ ነገር ይበልጣል፤ ምክንያቱም በደሉን የተናገረችው የተበደለችው ራስዋ ናትና።

ወይዘሮ ቢልስ ደግሞ አንባቢውን ከበሩ አሳልፈው ያስገቡታል። እሳቸው ከዘጠኙ አንዷ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውም ያን ጊዜ ዐሥራ አምስት ነበረ። በመጽሐፋቸው ጦርነቱ ያለው በደረጃው ላይ፥ በመተላለፊያው ላይና በምሳ ቤቱ ነው፤ መገፋት፥ መሰደብ፥ መረገጥ በየቀኑ ይመላለሳል። የሚያቃጥል መርዝ በዓይናቸው በተረጨ ጊዜ ሊጠብቃቸው የታዘዘው ወታደር ፈጥኖ በውሃ እንዳጠበላቸው የሚናገረው ክፍል፥ የአገር ሕግ በአንዲት ልጅ ዓይን ላይ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳያል። አንባቢ ይህ መደጋገም ቢያሰለቸው፥ ያ ዓመት ለልጆቹ እንዴት እንደ ረዘመባቸው ይገነዘባል።

ነቀፋም አይቀርም። መጽሐፉ ነገሩ ከሆነ ከ37 ዓመት በኋላ ወጥቶ ሳለ፥ ንግግሩ ሁሉ ትናንት እንደ ተሰማ ሆኖ ተጽፏል። ጸሐፊዋ በልጅነታቸው የያዙት ማስታወሻ እንደ ረዳቸው ይታወቃል፤ ሆኖም ወታደሩና አያታቸው ወይዘሮ ኢንዲያ አንዳንድ ጊዜ አለቅጥ የተስተካከለ ቃል ይናገራሉ። የመጽሐፉም ስም የተወሰደው ከእኒሁ አያት ምክር ስለ ሆነ፥ ትምክሕት አድርጎ የሚያነበው ሰው ይሳሳታል። በመጽሐፉ ውስጥ ልጅቱ ታለቅሳለች፤ አያትዮዋም የሚያስተምሩአት እንባ እንዳይኖራት ሳይሆን እንባዋ ከመንገድዋ እንዳይመልሳት ነው።

ከዘጠኙ አንዷ ሚኒጂን ብራውን በ1958 ዓመት በፌብሩዋሪ ከትምህርት ቤቱ ተባረረች፤ ኤርነስት ግሪን ግን በዚያው ዓመት በሜይ ወር ትምህርቱን ፈጽሞ የመጀመሪያው ጥቁር ምሩቅ ሆነ። በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይማሩ ሲባል ተዘግተው ከረሙ፤ የነጮቹም የጥቁሮቹም ልጆች ያለ ትምህርት ቤት ቀሩ። በ1959 ዓመት ተከፈቱ፤ ሴንትራልም እስከ ዛሬ ያስተምራል።

እንግዲህ ሁለቱን የሚያነብ ሰው አስቀድሞ የወይዘሮ ቤትስን፥ ቀጥሎም የወይዘሮ ቢልስን ቢያነብ ይጠቀማል፤ ከደጅ ወደ ውስጥ ይገባልና። በአተራረክ የኋለኛው ይበልጣል። በምስክርነት ግን ያች አንዲት ልጅ እንዴት ብቻዋን እንደ ሄደች የሚናገረው የፊተኛው ክፍል አይበለጥም፤ የሌላውን በደል የሚጽፍ ሰው የራሱን መርሳት ከሸሸገ፥ የሚያምነው አንባቢ ከወዴት ያገኛል?