የጥንት ግብጽ ትምህርት በደብረ ማርቆስ፤ በዲጂታል ማስተማሪያዎች ላይ የቀረበ ሂስ

በ9ኛ ክፍል የታሪክ ትምህርት ውስጥ የጥንት ግብጻውያን ታሪክ ከሌሎች የጥንት ሥልጣኔዎች ጋራ ይሰጣል። ትምህርቱ በመጽሐፍ ብቻ ሲሰጥ መምህሩ የነገሥታቱን ስምና ዘመን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ በፈተናም ጊዜ የገለበጠውን መልሶ ያቀርባል። ይህን ድርቀት ለማለዘብ ሲሉ አንዳንድ መምህራን ኮምፒዩተርና ፕሮጄክተር ይዘው ወደ ክፍል መግባት ጀምረዋል። እኔም በደብረ ማርቆስ በክረምት ትምህርት ከማገኛቸው የታሪክ መምህራን ጋራ ስለ ጥንት ግብጽ የተዘጋጁ ሦስት ዲጂታል ሥራዎችን መርምሬአለሁ። አንባቢ «ይህ የማስተማር ዘዴ ጉዳይ ነው፤ ስለ ሕዝቦች ልማድና አኗኗር ከሚጽፍ መጽሔት ጋራ ምን አገናኘው?» ይል ይሆናል። አንድን ሕዝብ ለሌላ ሕዝብ ልጅ የሚያሳይ መሣሪያ፣ ሠሪው ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የእኛን ሥራ እየሠራ ነውና እንደ እኛ ሥራ ሊመረመር ይገባዋል።

ከሦስቱ የመጀመሪያው የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የጊዛ ፕሮጀክት ነው። አሜሪካዊው የከርሰ ምድር ታሪክ ተመራማሪ ጆርጅ ራይስነር በ1942 እ.ኤ.አ. እስከ ሞተ ድረስ በጊዛ መቃብሮች ላይ ለብዙ ዓመታት ቁፋሮ መርቷል፤ ያን ጊዜ የተነሡት ፎቶግራፎች፣ የተጻፉት የዕለት መዝገቦችና የተነደፉት ካርታዎች ዛሬ በአንድ ቦታ ተሰብስበው በኮምፒዩተር ይታያሉ። ተማሪው መቃብሩን ብቻ ሳይሆን መቃብሩ እንዴት እንደ ተገኘ፣ ማን እንደ መዘገበው ያያል። ግብጻውያን የሠራተኛ አለቆች በዐረብኛ የጻፏቸው የቁፋሮ ማስታወሻዎችም እንዲጠኑ መደረጉ የሚያስመሰግን ነው። ከሦስቱ የሚበልጠው ይህ ሥራ ነው እላለሁ፤ ደረቅና አድካሚ በመሆኑ ግን መምህራኑ ከሁሉ በኋላ የሚያነሡት እርሱን ነው።

ሁለተኛው ዩቢሶፍት የተባለው የጨዋታ ኩባንያ በየካቲት 2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ዲስከቨሪ ቱር» ነው። ኩባንያው ለጦርነት ጨዋታ የሠራውን የግብጽ ምድር ወስዶ ውጊያውን አስቀርቶ 75 የሚመሩ ጉብኝቶች አዘጋጀበት። ሥዕሉ ያስደንቃል፤ ይህን መካድ ንፉግነት ነው። ተማሪው በእስክንድርያ አደባባይ ይመላለሳል፤ በሜምፊስ ገበያ ያልፋል፤ በጊዛ ፒራሚድ ውስጥ ይገባል። ነገር ግን ይህ ምድር የክሌዎፓትራ ዘመን ምድር ነው፤ ይኸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት አንደኛው መቶ ዓመት ማለት ነው። ታላቁን ፒራሚድ ያሠራው ኩፉ ከዚያ 2,500 ዓመት ያህል ቀድሞ የነበረ ንጉሥ ነው። ዛሬ እኛ ለክሌዎፓትራ ያለን ቅርበት ክሌዎፓትራ ለኩፉ ከነበራት ቅርበት ይበልጣል። ፒራሚዱና የግሪኮቹ ቲያትር ቤት በአንድ ከሰዓት በኋላ ጉብኝት ሲታዩ ይህ የዘመን ርቀት ይጠፋል፤ ተማሪውም «የጥንት ግብጽ» የሚባል፣ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው፣ አንድ ረዥም ቀን እንደ ነበረ አድርጎ ይገነዘባል። (በነገራችን ላይ አዘጋጆቹ ለተማሪዎች ሲሉ የሐውልቶቹን ኀፍረት በባሕር ዛጎል ሸፍነዋል። ከዘመን ስሕተት ይልቅ ያስጨነቃቸው ይህ መሆኑን ሳስብ ፈገግ ማለቴን አልደብቅም።)

ዋናው ነቀፌታዬ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ያገኘሁትም በራሴ አስተውሎት አይደለም። በአንድ ትምህርት ቤት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ከመምህራኑ አንዱ ይህን ጉብኝት ሲያሳይ ከኋላ ተቀምጬ እመለከት ነበር። መስኮቶቹ በጨርቅ ተጋርደዋል፤ ከ60 የማያንሱ ልጆች በአንድ የብርሃን ግድግዳ ላይ አፍጠዋል። ጀልባዋ በዓባይ ላይ ስትንሳፈፍ አንዲት ተማሪ እጇን አነሣችና «መምህር፣ ውሃው ለምን አይደፈርስም?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ሳቀ፤ መምህሩም «ሥዕል ነዋ» ብሎ አለፈ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ያን ቀን ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ ታሪክን የነካው ይህ አንዱ ብቻ እንደ ነበረ ተረዳሁ።

ልጅቱ የምታውቀው ወንዝ ጨሞጋ ነው። ጨሞጋ ከጮቄ ተራራ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ አልፎ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ቀይ ጭቃ ሆኖ እየጮኸ ሲወርድ አባቷ ያረሰውን መሬት ይዞ እንደሚሄድ ታያለች። አስዋን ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ ከ100 እጅ 85 ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው፤ ከደለሉም አብዛኛውን የሚያወርዱት ጥቁር ዓባይና ተከዜ ናቸው። ግብጻውያን አገራቸውን «ኬሜት» ማለትም ጥቁሪቱ ምድር ብለው የጠሩት በዚህ ደለል ምክንያት ነው። ዓመታቸውን በሦስት ወቅት ሲከፍሉ የመጀመሪያውን «አኬት» ብለው ለጎርፉ ሰጡት፤ ሁለተኛው የዘርና የቡቃያ፣ ሦስተኛው የመከርና የድርቅ ወቅት ነበረ። የውሃውን ከፍታ እየለኩ በመዝገብ ያስቀምጡ ነበር፤ ውሃው ካነሰ ራብ፣ ከበዛ ጥፋት ነውና። ጎርፉ ከየት እንደሚመጣ ግን አላወቁም፤ በኤሌፋንቲን ደሴት አጠገብ ካሉ ዋሻዎች የሚፈልቅ ይመስላቸው ነበር፤ «ሐፒ» ብለውም አመለኩት። የግሪኩ ሄሮዶቱስ ምክንያቱን ቢመረምር በርከት ያሉ መላ ምቶችን ሰምቶ ሁሉንም ጣላቸው፤ የራሱም ግምት አልተሳካለትም። በ1618 እ.ኤ.አ. ፔድሮ ፓኤዝ፣ በ1770 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጄምስ ብሩስ ግሽ ዓባይ ደርሰው ምንጩን አይተናል ብለው ጻፉ። ሄሮዶቱስ የተቸገረበትን ጥያቄ የጮቄ እረኛ በክረምት ከበጎቹ ጋራ ተጠልሎ እያየ ይመልሰዋል።

«ዲስከቨሪ ቱር» ስለ እርሻና ስለ ወቅቶች የሚናገር ክፍል የለውም አልልም፤ አለው። ነገር ግን ድምፁ ጎርፍ ይላል፤ ዓይን የሚያየው ወንዝ ሁልጊዜ አንድ ልክ፣ ሁልጊዜ ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ካርታም ከታችኛው ግብጽና ከፋዩም አካባቢ ብዙ አይርቅም፤ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ዓለም ያልቃል። የጎጃም ልጅ የቆመበት ስፍራ ከካርታው ውጭ ነው፤ ስለዚህ የሚቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እርሱም የጎብኚ ቦታ። ባሕር ማዶ በተማርሁበት አገር በሙዚየም ውስጥ የሬሣ ሣጥን ከብበው የሚንጫጩ ሕፃናትን አይቻለሁ። ለእነርሱ ግብጽ እንዲያ ያለች የሩቅ ተአምር ብትሆን አልፈርድም። ለእኛ ግን እንዲያ ልትሆን አይገባም።

ነገሩን ክብደት የሚሰጠው ደግሞ ዘመናችን ነው። የዛሬው የ9ኛ ክፍል ተማሪ የተወለደው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ በተጣለበት ዘመን ገደማ ነው፤ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስኪመረቅ ድረስ «ግብጽ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ያደገው በዜና፣ በድርድርና በሙግት ነው። ስለዚህ ሁለት ግብጽ አለው፤ አንዲቱ ተከራካሪ መንግሥት፣ ሁለተኛይቱ የወርቅ ጭምብል ያጠለቀች የመቃብር አገር። የሚያርስ፣ ግብር የሚከፍል፣ የውሃ ልክ እየጠበቀ የሚጨነቅ ገበሬ በሁለቱም ውስጥ የለም። ዲጂታሉ ማስተማሪያ ይህን ገበሬ ሊያመጣልን ይችል ነበር፤ ያመጣልን ግን ሌላ የወርቅ ጭምብል ነው።

ነገር ግን ተቃራኒው ስሕተትም ያስፈራኛል። ይህን የደለል ነገር ለመምህራኑ በነገርኋቸው ማግስት አንዱ «እንግዲያውስ የግብጽ ሥልጣኔ የእኛ ነው» የሚል ጽሑፍ ይዞልኝ መጣ። አፈር መላክ ፒራሚድ መሥራት አይደለም። በጣና ላይ ያለው የደንገል ታንኳ በግብጽ መቃብር ግድግዳ ላይ የተሣለውን የፓፒረስ ጀልባ ይመስላል፤ ተማሪዎቹም በብርሃኑ ግድግዳ ላይ ሲያዩት ወዲያው «ታንኳ!» ብለው ጮኸዋል። ሆኖም ሁለት ሕዝቦች በአንድ ዓይነት ተክል አጠገብ ቢኖሩ አንድ ዓይነት ጀልባ ሊያስሩ ይችላሉና መመሳሰል ብቻውን ዝምድናን አያስረዳም። የጸናጽል ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ የሐቶር ካህናት ይዘውት ከሚታዩት መሣሪያ ጋራ ያለው ዝምድና የተጠናከረ ማስረጃ አለው። መምህሩ ሁለቱን ጎን ለጎን አቅርቦ ልዩነቱን እንዲመረምሩ ቢያደርግ ተማሪዎቹ ከማንኛውም ጉብኝት የበለጠ ይማራሉ።

ሦስተኛው ሥራ ጉግል በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ፋብሪሲየስ» ነው። መማር፣ መጫወት፣ መሥራት የሚሉ ሦስት በሮች አሉት፤ የተዘጋጀውም በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ነው። መምህራኑ የወደዱት የመጫወቻውን በር ነው፤ ቃል ቢጽፉለት በግብጽ ሥዕላዊ ጽሕፈት መልሶ ይሰጣልና። ልጆቹ ይደሰታሉ። ጽሕፈቱ ግን እንደ ጌጥ ይቀራል፤ በመካከለኛው የግብጽ ዘመን 700 ያህል ምልክቶች ለምን እንዳስፈለጉ፣ አናባቢ ለምን እንደማይጻፍ የሚጠይቅ አይገኝም።

እዚህ ላይ የእኛ ተማሪ ያለውን ጥቅም ማንም ኩባንያ አላሰበለትም። የግዕዝ ጽሕፈት እስከ 4ኛው መቶ ዓመት፣ እስከ ንጉሥ ዒዛና ዘመን ድረስ፣ አናባቢ አልነበረውም። ስለዚህ ፋብሪሲየስን ዘግቼ መምህራኑን «ሁሉን ፊደል በግዕዝ ብቻ ጻፉ» አልኋቸው። ከበደ የተባለው ስሙን «ከበደ» ብሎ ጻፈ፤ አጠገቡ የተቀመጠው «ከባድ ነው ወይስ ክብድ?» ብሎ ተከራከረው። ከጎኑ የሰው ሥዕል ሲጨምርበት ስም ሆነ፤ ድንጋይ ሲሥልበት ከባድ ሆነ። ግብጻውያን ጸሐፍትም ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው፤ በድምፅ ምልክቶቹ መጨረሻ ላይ ትርጉሙን የሚወስን ሥዕል ያክሉ ነበር። ዛሬም ቢሆን ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ «ገና» የሚለውን ስናነብ በዓሉ ይሁን ጊዜው በዐረፍተ ነገሩ ነው የምንለየው። ይህ ሁሉ የፈጀው ግማሽ ሰዓትና አንድ ጠመኔ ነው።

ከሦስቱ ሥራዎች አንዱም ያልነካው ሌላ ነገር የዘመን አቈጣጠር ነው። ተማሪው በደብተሩ ራስጌ ላይ ቀን ሲጽፍ በግብጻውያን ሥርዐት ይጽፋል፤ 12 ወር ባለ 30 ቀን፣ በመጨረሻም 5 ተጨማሪ ቀን። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስድስተኛዋን ቀን የጨመረው የአውግስጦስ ዘመን ማሻሻያ ነው። መስከረም 1 ቀን ለቅብጦች የቶት 1 ቀን ነው፤ ወሩም በጸሐፊው አምላክ በቶት ስም ይጠራል። እኛ ዘንድ ዝናሙ ሲያባራ፣ እነርሱ ዘንድ ጎርፉ በሞላበት ወቅት፣ በአንድ ቀን ዓመቱ ይለወጥ ነበር። ይህን የሚያህል ቁም ነገር ለማስተማር ከግድግዳ ላይ የቀን መቍጠሪያ ማውረድ ይበቃል።

ስለ መሣሪያው ችግር ብዙ አልናገርም፤ ሁሉም ያውቀዋል። በክልላችን በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተመሠረተ ትምህርት ያን ጊዜ ምን ይሆን ነበር? እኔ ራሴ በ1997 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ተማሪ ነበርሁ። ሣጥኑ ይናገራል፤ እኛ ሳንጨርስ ይገለብጣል፤ መምህራችን በሩ አጠገብ ቆመው ከእኛ ጋራ ያዩ ነበር። የተቸገርነው በሥዕሉ ጥራት ማነስ አልነበረም፤ ጥያቄ ብንጠይቅ የሚሰማን ስላልነበረ ነው። «ሥዕል ነዋ» ያለውን መምህር የማልወቅሰውም ስለዚህ ነው፤ እርሱም እንደ እኔ በዚያ ሣጥን ፊት ያደገ ነው።

ባለፈው ክረምት ከመምህራኑ ጋራ አንድ ሙከራ አደረግን። ከሐምሌ መጀመሪያ አንሥቶ በየሳምንቱ ከጨሞጋ ውሃ በብርጭቆ ጠርሙስ እየቀዳን፣ ቀኑን እየጻፍን፣ በክፍሉ መስኮት ላይ ደረደርን። ውሃው ጠርቶ ደለሉ ከሥር ሲረጋ በማስመሪያ ለካነው፤ ልኩንም እንደ ግብጻውያን ጸሐፍት በየተራ መዘገብነው። ከዚያ በኋላ ነው የጊዛውን ፕሮጀክት ከፍተን በመቃብር ግድግዳዎች ላይ የተቀረጹትን የእርሻ ሥዕሎች የተመለከትነው። አንዱ መምህር ለረዥም ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ የሚያርሰውን ሰው እያሳየ «ይህ ሰው የሚያርሰው የማንን ማሳ ነው?» አለ፤ ክርክሩም እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ።