ጥፋቱ የቫልቩ አይደለም

«ጋሼ፣ አዲሱም ቀላ እኮ! ፎርጅድ ይሆን እንዴ?»

ጠያቂው ሥራ ከጀመረ አራት ወር ያልሞላው ረዳቴ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሆዱን ከፍተን ያስተኛነው ደግሞ ለአንድ የቡሬ ጊታር ተጫዋች አሜሪካ የምትኖር እህቱ ያመጣችለት የቫልቭ አምፕሊፋየር ነው። ከኋላው ሁለት ሲክስ ኤል ሲክስ የሚባሉ ቫልቮች ተሰክተዋል። በተከፈተ በአሥር ደቂቃ የግራው ቫልቭ ግራጫ ሳህን እንደ ፍም ይቀላል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ከዚያ ፊውዙ ይቃጠላል። ልጁ እኔ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ባለሙያ አይቶለት፣ ከአዲስ አበባ ጥንድ ቫልቭ አስመጥቶ ቀይሮለታል። አዲሱም በዚያው በግራ በኩል ቀላ።

መልስ አልሰጠሁትም። «ግራና ቀኙን አቀያይራቸው» አልኩት። አቀያየራቸው። በቀኝ በኩል በሰላም ሲሠራ የቆየው ቫልቭ ወደ ግራ በሄደ በአሥረኛው ደቂቃ ቀላ። ከግራ የወጣው ደግሞ በቀኝ በኩል ጨዋ ሆኖ ተቀመጠ።

እኔ በዚህ ሙያ የምታወቅበት አንድ ግትርነት አለኝ። የሚያበራ ነገር ሁሉ ቶሎ ይከሰሳል እላለሁ። ቫልቭ ሲቀላ ለዓይን ይታያል፤ ስለዚህ ይነቀላል፣ ይጣላል። የሚያቀላው ግን አብዛኛውን ጊዜ የማይበራ፣ የማይጮህ፣ ጥግ ይዞ የተቀመጠ ትንሽ ዕቃ ነው። «ቀይሮ ማየት» የሚሉትን ስልት የሚከተሉ የሙያ ጓደኞች አሉኝ፤ ፈጣን ናቸው፣ ደንበኛም ይወዳቸዋል። መርካቶ አጠገብ ቢሆኑ ምንም አልልም። እዚህ ፍኖተ ሰላም ላይ ግን አንድ ቫልቭ በሰው በሰው ተፈልጎ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ ነው የሚደርሰን። ገዝተህ ሦስተኛውንም ልታቀላው ነው?

ደግሞ የእኔ እንጀራ ቫልቭ አይደለም። የምንኖረው በጥር ሠርግ በሚቃጠል ሞንታርቦ፣ በቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያና በቴሌቪዥን ነው። ቫልቭ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው፤ ለዚህ ይሆናል እንደ እንግዳ የማስተናግደው። ልጁ ለምን እንደፈለገው ይገባኛል። አምሐ እሸቴ በ1960ዎቹ ባሳተማቸው ሸክላዎች ላይ ያለውን ድምፅ ነው የሚያሳድደው። ትራንዚስተር አቅሙ ሲያልቅ የድምፁን ጫፍ እንደ መቀስ ይቆርጠዋል፤ ቫልቭ ቀስ እያለ ያጎብጠዋል። ያንን አንዴ የሰማ ጆሮ አይመለስም።

ሁለቱንም ቫልቮች ነቅለን አምፕሊፋየሩን አበራነው። ተሰክተው እያለ የሚለካም አለ፤ ሳያቃጥሉ መለካት እየተቻለ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አንድ እጅ ኪስ ውስጥ፣ በሌላው የሜትሩን ጫፍ የመሰኪያው አምስተኛ እግር፣ ግሪዱ ላይ። በቀኝ ኔጌቲቭ 48 ቮልት። በግራም 48። ረዳቴ «ደህና ነው» ብሎ ሊያጠፋው ሲል እጁን ያዝኩት። ከጎረቤት ጸጉር ቤት ማድረቂያ አስመጣሁና ከግራው ግሪድ ፊት ባለችው ካፓሲተር ላይ ሞቅ ያለ አየር ነፋሁባት። 48ቱ 44 ሆነ። ከዚያ 39። በመጨረሻ 31 ላይ ቆመ።

ይሄው ነው ሌባው። ግሪድ ላይ ያለው ኔጌቲቭ ቮልት የቫልቩ ልጓም ነው፤ ሲላላ ቫልቩ ይጋልባል፣ ሲጋልብ ይቀላል። ካፓሲተሯ ከፊተኛው ቫልቭ የሚመጣውን ዜማ አሳልፋ፣ ከ200 በላይ የሆነውን ቀጥተኛ ቮልት ማገድ ነበረባት። ስትቀዘቅዝ ታግዳለች፣ ስትሞቅ ታንጠባጥባለች። ቀዝቃዛ ዕቃ ለክቶ «ደህና ነው» የሚል ሰው የሚታለለው እዚህ ጋ ነው። ከአሮጌ ቴሌቪዥን ነቅዬ ያስቀመጥኳት ባለ 0.1 ማይክሮፋራድ፣ ባለ 630 ቮልት ካፓሲተር ቦታዋን ተካች። ሌላ ምንም አልነካንም።

ቫልቭን ጨርሶ አልከስስም ማለቴ አይደለም። በመስተዋቱ ላይ ያለው ብርማ ቅብ ነጭ ከሆነ አየር ገብቷል፤ ያ ቫልቭ ሬሳ ነው። ሁለቱም አብረው ከቀሉ ግን መጀመሪያ ልጓሙ የሚመጣበትን መስመር ነው የማየው። መስተዋቱ ላይ ሰማያዊ ብርሃን አይቶ የሚደነግጥ ደንበኛ ካለ ቡና አጠጡትና ሸኙት።

ከዚያ ደግሞ መብራቱ አለ። ያ አምፕሊፋየር የ120 ቮልት ነው፤ ልጁ ቮልቱን በግማሽ የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝቶለታል፣ ጎበዝ። ነገር ግን አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ምጣድ ሲጥድ፣ የሱቄ ሜትር በ220 ፋንታ 170 ያነበበበት ጊዜ አለ። ያ ለአምፕሊፋየሩ 85 ቮልት ማለት ነው። 6.3 ቮልት የሚፈልገው የቫልቩ ማሞቂያ 4 ቮልት ተኩል ገደማ ይደርሰዋል። ድምፁ ይሰንፋል፣ ባለቤቱም «ቫልቩ አርጅቷል» ይላል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ያረጀው ቫልቭ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ወጣት ሆኖ ሲዘፍን ሰምቻለሁ። ስለዚህ ደንበኛን መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያመው?» ብዬ ነው። ረዳቴ በዚህ ጥያቄዬ ይስቃል።

መጀመሪያ የተከሰሰውን ዕቃ ጥፋተኛ ነው ብሎ ያለማመን ጠባይ ከየት እንደያዘኝ አውቃለሁ። የተወለድኩት ከማንኩሳ ብዙም በማይርቅ ገጠር ነው። ወጋየሁ ንጋቱ የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ፣ ታሪኩ ከማንኩሳ ይነሳ የለ፣ መንደሩ በሙሉ አጎቴ ቤት ይሰበሰብ ነበር። አንድ ማታ ሬዲዮው ዝም አለ። አጎቴ «ድንጋዩ ሞቷል» ብሎ ባትሪዎቹን ፀሐይ ላይ አሰጣቸው። አልሆነም። በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ድረስ በእግሩ ሄዶ አዲስ ገዛ። አሁንም ዝም። እሱ ሊያስጠግነው ከመደብ ላይ ሲያኖረው እኔ ተደብቄ ክዳኑን ከፈትኩት። ድንጋዩ የሚነካው የሽቦ ጥቅል ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። በቢላዋ ፋቅሁት፤ የወጋየሁ ድምፅ ከዓረፍተ ነገር መሀል ብድግ አለ። አለንጋ ይጠብቀኝ ነበር፣ ግን ሰው ሁሉ ሊሰማ ሮጦ ሲገባ ተረሳሁ። አጎቴ እስኪሞት ድረስ «አዲሱ ድንጋይ ነው ያዳነው» ይል ነበር። አልተከራከርኩትም። ያመለጠንን ክፍል ያገኘሁት መጽሐፉን ራሴ ገዝቼ ሳነብ ነው።

የቡሬው ልጅ አምፕሊፋየሩን ወስዷል፣ ሰርግም ተጫውቶበታል። መጀመሪያ የተነቀሉለትን ሁለት ቫልቮች «ሞተዋል» ብሎ ጥሎብኝ ነው የሄደው። ለክቻቸዋለሁ። አንዱ ከመቅላት ብዛት ትንሽ ደክሟል፣ ሌላው ግን እንደ አዲስ ነው። አንተ ልጅ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያዬ ውስጥ አኑሬልሃለሁ፤ መጥተህ ውሰዳቸው።