ትዝታን ደጋግሞ ስለ መስማት

አንድ ዘፈን በብዙ ሰዎች አንደበት ሲዘፈን፣ ሰሚው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ዋናው የትኛው ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ለዘፈን ሁሉ አይስማማም። ለዚህም ከትዝታ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ትዝታ የሚለው ስም ሦስት ነገሮችን ያመለክታል፤ ያለፈውን ማሰብን፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋራ የሚቈጠረውን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት፣ እንዲሁም በዚሁ ቅኝት የሚዘፈነውን ዘፈን። ዘፈኑ የአንድ ደራሲ ሀብት አይደለም። ዘፋኙ ከሚያውቀው ግጥም መርጦ፣ አለዚያም ራሱ ገጥሞ ያገባበታል።

ካሣ ተሰማ በክራር ሲያዜመው፣ ክራሩ ለድምፁ እየመለሰለት ሁለት ሰዎች የሚጨዋወቱ ይመስላል። ማሕሙድ አሕመድ ከዘመናዊ መሣሪያዎች ጋራ ከዐሥር ደቂቃ በላይ ሲያስረዝመው፣ ናፍቆቱ ራሱ ጊዜ የሚፈጅ ነገር መሆኑ ይሰማናል። ጌታቸው ካሣ በዝግታም በፈጣን ምትም ዘፍኖታል፤ ፈጣኑ ኀዘኑን አላጠፋውም፣ ለመተከዝ ፋታ ነሳው እንጂ። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ ቃሉን ጨርሶ ተወው፤ ስለዚህ ሰሚው የገዛ ራሱን ግጥም በልቡ ይሞላበታል። የበዛወርቅ አስፋውን ትዝታ ከእነዚህ ቀጥሎ የሰማ ሰው፣ ያው ናፍቆት በሴት ድምፅ ሌላ መልክ እንደሚይዝ ያስተውላል። እያንዳንዱ አዘፋፈን በሌላው ውስጥ ተሸሽጎ የነበረውን ይገልጣል እንጂ አይሽረውም።

ይህ ልማድ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። የዜማ ሊቃውንት አንዱን ድጓ በቤተልሔም፣ በቆማና በአጫብር ስልት ያዜሙታል። የአንዱ ቤት ደቀ መዝሙር የራሱን ስልት ቢያስበልጥም፣ የሌላውን ቤት ዜማ «ቅጂ» ብሎ አይጠራውም።

ሆኖም ይህን አስተያየት ያለ ልክ ማስፋት ስሕተት ነው። «ሙዚቃዊ ስልት» የግርማ በየነ ድርሰት ነው፤ የዋልያስ ባንድ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1977 በሸክላ አሳትሞታል። በ2004 ደግሞ ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለው የአሜሪካ ጓድ አዲስ አበባ ላይ በናስ መሣሪያዎች ብዛት አድምቆ ተጫውቶታል። ሁለቱንም አስከትሎ መስማት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን እዚህ ላይ መነሻው ባለቤት አለውና ስሙ መነሣት አለበት። የደራሲውን ስም መዘንጋት ከበደል ይቈጠራል። የጋራውን ሀብት ለአንድ ሰው መስጠትም እንደዚሁ ነው።

ጕዳዩ ለተመራማሪ ቀላል አይደለም። ሸክላና ካሴት አንዱን ምሽት ይዘው ያስቀራሉ፤ ተማሪውም በእጁ የገባውን አንዱን ቅጂ በኖታ ጽፎ «ትዝታ ይህ ነው» ቢል፣ ሌሎቹ ሁሉ እንደ ስሕተት ይቈጠራሉ። በእንዲህ ያለው መዝገብ ሕያው ዘፈን አንድ መልክ ብቻ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ትዝታን የሚመዘግብ ሰው የዘፋኙን ስም፣ መሣሪያውን፣ ስፍራውንና ጊዜውን ጽፎ፣ ቢያንስ ሁለት አዘፋፈን ጐን ለጐን ሊያኖር ይገባዋል። «ዋናው የትኛው ነው?» ከማለቱ በፊትም፣ «ይህኛው ከዚያኛው ምን አሰማኝ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ደስታውም ዕውቀቱም በአንድነት ይበዙለታል።